ነጻ መግቢያ

ፋሲል ግቢ ደጃፍ፣ ከትኬቱ መስኮት፣
ካርዴን አወጣሁት፤ አወጣሁ በድፍረት፤
ጠርዙ የተላጠ፣ ፎቶው የደበዘዘ፣
የሬዲዮ ጣቢያችን ማኅተም ያረፈበት፣
ቀኑ ካለፈበት ዓመት የያዘ።

የሹምነሽ ተቀብላ አገላብጣ አየችው፣
መነጽሯን ገፋ አርጋ ጀርባውን አነበበችው፦
«‹አስፈላጊው ትብብር ይደረግለት› ይላል።
ምን ልተባበርህ? ዋጋው ይኸው ተሰቅሏል፤
ያገር ሰው፣ የውጭ ሰው፣ ተማሪ። አበቃ።
አንተ ደግሞ ጫማህን ስታስጠርግ ከጃንተከል ዋርካ
ግንቡን ስታይ የኖርህ፣
ዛሬ እንግዳ ሆንህ?»

«ውጭ አገር ይሠራል» አልኋት፣ ኩራት ቢጤ ይዞኝ።
«እንግዲያ ውጭ አገር ግባበት» አለችኝ።
ከኋላዬ ሰው አልነበረም። «በል ንገረኝ።»

መሥሪያ ቤቱ ልኮኝ ነው፣ ሥልጠና፣ ሁለት ሳምንት፣
ስሟን የማልጠራት፣ ዝናብ የማይለቃት ከተማ ቆየሁበት።
የሙዚየሙ ሰልፍ እንደ ስኳር ሰልፍ ይጠማዘዛል፣
መግቢያው የቀን አበሌን ሲሶ ይወስዳል።
ካርዴን ባንገቴ አንጠልጥዬ ቀረብሁ፤
አማርኛ የማያነብ ዘበኛ
«ፕሬስ?» አለኝ። «ፕሬስ» አልሁ።
እጁን ወዘወዘ፤ የረጠበውን ሰልፈኛ በጎን
እንደ ደጃዝማች አለፍሁ።
ባተረፍሁት ገንዘብ ጃንጥላ ገዛሁ፤
ማታውን አውቶቡስ ላይ ረሳሁ።

ሦስተኛው ፎቅ ላይ፣ መብራቱ በሳሳበት፣
አንዲት ክታብ አየሁ በመስተዋት ቤት፤
ብራናዋ የሻይ መልክ፣
ዐይኑን የማይከድን፣ ሰይፍ የያዘ መልአክ።
ከሥሯ በነሱ ቋንቋ፦
«ኢትዮጵያ። ባለቤቱ ያልታወቀ።»

ያልታወቀ?
በቀይ ቀለም ተጽፏል፣ ሦስት ቦታ፣
ቄስ ትምህርት ቤት የዋለ ልጅ በሚለየው ፊደል፦
«አድኅና ለአመትከ ወለተ ሩፋኤል።»

ራሷን ያማት ነበር? ወይስ ልጅ አልጸና ብሏት?
የክታብ ልኩ የባለቤቱ ቁመት ነው፤
ደብተራው በክር ሳይለካት አልቀረም
ከጠጉሯ እስከ ተረከዟ።
እነሱ ግን ግማሹን ጠቅልለው ሰቅለዋት፣
እስከ ወገቧ ድረስ ብቻ አየኋት።

አዳራሹን የምትጠብቀዋን ሴትዮ ጠራሁ።
«ስም» አልኋት፣ «እሷ፣ አላት፣ ስም»፤
እንግሊዝኛዬ እዚያው ላይ ደረቀ፤ አልቀጠለም።
በትሕትና ፈገግ አለችልኝ፣
የመጸዳጃውን በር አሳየችኝ።

ጎንደር ስመለስ ለአለቃዬ ነገርሁት።
«ዜናው የቱ ጋ ነው?» አለ፣ «መቼ ነው የሞተች?»
ማዳበሪያ ሥርጭት ላይ መደበኝ።
አልሞገትሁትም። እውነቱን ለመናገር፣ ቀለለኝ።
በነጻ የገባን ሰው
ዕዳ እንዳለበት ማን ይነግረዋል?

የሹምነሽ ዝም አለች።
ቆይታ፣ «ረጅም ነበረች?»
«አላውቅም። ግማሿ ተጠቅልሏል።»

ሳትጠይቀኝ ብሩን ቆጠርሁላት፣
ያገር ሰው ዋጋ፣ ሳንቲሙን ሳላስቀርባት።
ካርዴን ኪሴ ከተትሁት።
ጥራዟን ከፍታ ካርቦኑን አስገባች፣
«በማን ስም ልጻፈው?» አለች።
ነገርኋት።
ቀና ብላ አየችኝ። ከዚያ ጻፈች፣ ተጭና፣
እታችኛው ቅጅ ድረስ እንዲዘልቅ ብላ።

ቅጁ ለሒሳብ ክፍል ነው፣ ከጥራዙ አይወጣም፤
ዋናው እጄ ላይ ነው።
ቀይ የነበረው ስም ሰማያዊ ሆኖ
አውራ ጣቴን ነክቶታል።

ሊዘጋ ጥቂት ቀርቶታል፣ ጥበቃው ቁልፉን እያንቃጨለ ነው።
የሹምነሽ በመስኮቱ አንገቷን አውጥታ
«ግቢ!» አለች፣ «ግቢ፣ ሳይመሽብሽ።»
ማንን እንደሆነ አልጠየቅሁም።
ከበሩ ወደ ጎን ፈቀቅ አልሁ፣
መጀመሪያ እንድታልፍ።